የአባቴ ፒፓና የቀንዱ መምጠጫ

ሰው ሲሞት ቤቱና መሬቱ በሽማግሌ ፊት ለወራሾች ይከፋፈላል። ከዘራው፣ መነጽሩና የጸሎት መጽሐፉ ግን ገበያ ቢወጡ ብዙ የማያወጡ፣ ከቤት ቢጠፉ ደግሞ ቤቱን ባዶ የሚያስመስሉ ዕቃዎች ናቸው። በእኛ ቤት ከእነዚህ አንዷ የአባቴ የትንባሆ ፒፓ ናት።

አባቴ በቢቸና ከተማ አስተማሪ ነበር። ፒፓዋን በ1960ዎቹ ለትምህርት አዲስ አበባ በነበረበት ጊዜ ከፒያሳ እንደገዛት ይነግረን ነበር። በጎጃም ባላገር ዘንድ ትንባሆ ማጨስ የሚያስነውር በመሆኑ፣ ቄስ ሲመጣ ወደ ኪሱ ይከታት ነበር። በስተርጅናው ሳል ጸናበትና ሐኪም ስለከለከለው ማጨሱን ተወ፤ ፒፓዋን ግን አልጣላትም። እርሱ ካረፈ በኋላ እናቴ በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ በሣጥን ውስጥ አኖረቻት።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር ለዓመት ፈቃድ ቢቸና በሄድኩ ጊዜ ፒፓዋ ከእናቴ እጅ ወድቃ በአፍ የሚያዘው ጥቁሩ መምጠጫ ከሁለት ተሰብሮ ነበር። «የአባትሽ ዕቃ በኔ እጅ ተሰብሮ አይቀርም፤ ሞጣም ሄደሽ ቢሆን አሠሪልኝ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ወጪውን እኔ እችላለሁ ብሎ ተነሣ። ይህ ወንድሜ በዚያን ጊዜ ሲጋራ ጀምሯል። «ፒፓ እኮ ጭሱ አይዋጥም፤ ከሲጋራ ይሻላል። የአባታችንን እኔ ብይዝ ምን አለ?» ሲል ሰማሁት። እናንተ እናቶችና እኅቶች፣ ነገሩ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዕቃ ጥገና ብቻ አለመሆኑን ትረዱልኛላችሁ።

በቢቸና ያልጠየቅሁት ባለሱቅ የለም። አንዱ የእስክሪብቶ ቀፎ ቆርጬ ላስገባ አለ፤ ሌላው በማጣበቂያ ልጠግነው አለ። ዋናው መምጠጫ የተሠራው ጎማ ከድኝ ጋር በእሳት ተበስሎ እንደ ድንጋይ ከሚጠነክር ነገር ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በፀሐይ ብዛት ወደ አረንጓዴነት የሚያዘነብል ቡናማ መልክ ያመጣል፤ ዕድሜ ሲጫነውም ተሰባሪ ይሆናል። ተለዋጭ ቢገኝ እንኳ እንዲያው አይገጥምም፤ ወደ እንጨቱ የሚገባው ጫፍ ለቀዳዳው በልክ መሞረድ አለበት። ከወፈረ እንጨቱን ይሰነጥቃል፤ ከቀጠነ ወልቆ ይወድቃል።

በማግሥቱ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ ተጓዝኩ። በስተግራ የጮቄ ተራራ ይታያል። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣላችሁ። የፒፓ ራስ በብዛት የሚሠራው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል የአንድ ዛፍ ሥር እብጠት ሲሆን፣ የፈረንሳይዋ ሴን ክሎድ ከተማ ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በዚህ ሥራ ስሟ የታወቀ ነው። እሳት የሚችለው ይህ ዛፍ እኛ አስታ የምንለው ነው! ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ጮቄ ላይ የሚበቅለው፣ በማገዶና በእርሻ ምክንያት የተመናመነው አስታ ማለት ነው። የሩቅ አገር ዕቃ ስንል የኖርነው እንጨት ዘመዱ ከደጃችን ኖሯል።

መፍትሔውም ከደጃችን ተገኘ። ሞጣ ውስጥ ከበሬ ቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ፒፓዋን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይህ ቀላል ነው። የቀንድ ጫፍ ድፍን ስለሆነ መልካም አድርጎ ይወጣል» አሉኝ። ጫፉን በመጋዝ ቆረጡ፤ በሞረድ እያሳሱ፣ ወደ ቀዳዳው እየለኩ፣ እንደገና እያሳሱ እስከ ቀትር ቆዩ። ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አልሰው በሰም ወለወሉት። የተሞረደው ቀንድ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ቀና ብለው «አሁን መተንፈሻውን ልሰርስረው ወይስ ድፍኑን ልተወው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ወደ እናቴ ደወልኩ። ጥቂት ዝም አለችና «እኔ እንደነበረች ሆና ማየት እንጂ ጭሱን መች ፈለግሁ? የዚያን ሰው ሳል ሌሊቱን ሙሉ የሰማሁት እኔ ነኝ። ይደፈን!» አለች። መምጠጫው ድፍን ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ባየ ጊዜ አኮረፈ። እናቴ ግን አልተቆጣችውም፤ አስቀምጣ የአባታችንን የመጨረሻ ዓመታት አንድ በአንድ ነገረችው። እኔም የፒፓ ጭስ ባይዋጥም የከንፈር፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ነቀርሳ እንደሚያመጣ በሕክምና የተረጋገጠ መሆኑን አስረዳሁት። ሲጋራውን በዚያ ቀን ተወ ብዬ አልዋሻችሁም። ከእናቱ ቤት ውስጥ ማጨሱን ግን ከዚያ ወዲህ አቁሟል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ትንባሆ በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ እንዳይጨስ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ይከለክላል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ በየሳሎናችን ገብቶ ለልጆቻችን የአባትን ትዝታ ከአባት ልማድ ለይቶ ሊያስተምርልን አይችልም። ያ የእኛ ሥራ ነው።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ በቤታችሁ ፒፓም ሆነ ጋያ፣ የአያት የአባት ዕቃ ካለ ለማስጠገን አትፈሩ። ዝቃጩን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ደህና አድርጋችሁ ጥረጉ፤ ሕፃናት ወደ አፋቸው እንዳያስገቡት ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጡ። ልጆቻችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁ የዕቃውን ውበት ብቻ አትንገሯቸው፤ ሳሉንም ንገሯቸው።