ባር ሲዘጋ የሚዘፈነው ዘፈን የማን ነው?

የዛሬው ረጅም ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። እየነዳችሁ የምታነቡ ካላችሁ ስልኩን አስቀምጡት፣ እኔም መኪናዬን አቁሜ ነው የምጽፈው።

«አንተ ሰውዬ፣ ስለ ፈረንጅ ሮክ ምን አገባህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያገባኛል። የሌሊት ታክሲ ሾፌር እንጀራው የሚጋገረው ባር ሲዘጋ ነው፤ በዚህ አገር ደግሞ ባር ሲዘጋ የሚዘፈን ዘፈን አለ። «ክሎዚንግ ታይም» ይባላል፣ የመዝጊያ ሰዓት ማለት ነው። የወጣው በ1998 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ቀንሱ ደምሩ አትበሉኝ)። ያወጣው ሰሚሶኒክ የሚባል የሦስት ሰው ባንድ ነው፤ የተመሠረተውም እዚሁ እኛ ጎማ በምንጨርስበት ሚኒያፖሊስ። ከኋላ ወንበር ሆነው ስንት ሰካራሞች እንደዘፈኑልኝ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ግማሾቹ ግጥሙን አያውቁትም፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ግን መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ነው።

በነገራችን ላይ ዛሬ ሚኒሶታ ውስጥ ባር የሚዘጋው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፣ በነሱ 2 ኤኤም። ይህ ሕግ የመጣው በ2003 ነው። ዘፈኑ ሲጻፍ መዝጊያው 7 ሰዓት ነበር። አንድ ሰዓት ለጠጪ ምንም አይደለችም፤ ለሾፌር ግን የቤት ኪራይ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ዳውንታውን፣ ፈርስት አቬኑና ሰባተኛ ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለውን ጥቁር ሕንፃ የከተማችን ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ ግድግዳው በኮከብ የተሞላው፣ በየኮከቡ ላይ የባንድና የዘፋኝ ስም የተጻፈበት። ዱሮ የግሬይሀውንድ አውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። በ1970 የሙዚቃ ቤት ሆነ። ፕሪንስ በ«ፐርፕል ሬይን» ፊልም ላይ የሚዘፍንበት መድረክ የዚህ ቤት ነው። መናኸሪያ የነበረ ቤት ነውና ዛሬም በሩ ላይ የምናወርደውና የምንጭነው እኛው ነን።

በ1980ዎቹ ከዚህ ቤትና ከጎኑ ካለችው ትንሿ አዳራሽ ብዙ ባንድ ወጣ። ሀስከር ዱ፣ ሪፕሌስመንትስ፣ ሶል አሳይለም። «ኦልተርናቲቭ» የሚባለው ስም የመጣው ለነሱ ዓይነቶቹ ነው፤ ትልልቁ ሬዲዮ የማይነካቸው፣ የኮሌጅ ተማሪ ሬዲዮ ያሳደጋቸው ማለት ነው። ከነሱ ቀጥሎ ትሪፕ ሼክስፒር የሚባል ባንድ መጣ፤ ማት ዊልሰን፣ ወንድሙ ዳን ዊልሰን፣ ቤዝ ላይ ጆን መንሰን፣ ከበሮ ላይ ኢሌን ሃሪስ። በ1990 እና በ1991 በትልቅ ኩባንያ አልበም አወጡ። ገበያው ቀዘቀዘ፣ ኩባንያውም ተዋቸው።

ዳንና ጆን ግን አልተለያዩም። ጄክ ስሊክተር የሚባል ከበሮ መቺ ጨምረው ከዜሮ ጀመሩ። መጀመሪያ ስማቸው «ፕሌዠር» ነበር፤ ኋላ ሰሚሶኒክ ሆኑ። ይህን ጄክን እዩልኝ። በአንድ እጁ ከበሮ እየመታ በሌላው ኪቦርድ ይጫወት ነበር። አራተኛ ሰው መቅጠር ቀረ ማለት ነው። እኛ አንድ እጃችን መሪ ላይ፣ አንዱ ስልክ ላይ ሲሆን ፖሊስ ይቀጣናል፤ እሱ በዚህ ተጨበጨበለት።

በ1996 ያወጡት የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ምስጋና እንጂ ገንዘብ አላመጣም። ቀጥሎ የሆነው እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ኮንሰርታቸውን የሚዘጉት በአንድ ዘፈን ነበር፣ ሁለቱ ጓደኞቹም ሰለቻቸው። ዳንን አዲስ የመዝጊያ ዘፈን ጻፍ አሉት። ጻፈ። በቃ፣ ይኸው ነው። በሬዲዮ የዘመናዊ ሮክ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፣ አልበሙም አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚሊዮን ኮፒ ማዕረግ አገኘ። ለመሰላቸት መድኃኒት የተባለ ዘፈን ይኸው ከ25 ዓመት በላይ ሰው አልሰለቸውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

ከበሮ መቺው ጄክ በ2004 ስለዚህ ሕይወት መጽሐፍ ጽፏል። የሙዚቃ መጽሐፍ ብዬ ጀምሬ የታክሲ ሒሳብ አገኘሁበት። ኩባንያው ለባንድ የሚሰጠው ገንዘብ ስጦታ አይደለም፣ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ስቱዲዮው፣ የቪዲዮው ወጪ፣ የጉዞው ድጎማ፣ ዘፈኑን ሬዲዮ ላይ ለማስገባት ለሚሯሯጡት ደላሎች የሚከፈለው ሳይቀር ከባንዱ ድርሻ ይታሰባል። ልብ በሉ፣ ዕዳው የሚቀነሰው ከጠቅላላው ሽያጭ አይደለም፤ ለባንዱ ከምትደርሰው ከትንሿ መቶኛ ነው። ስለዚህ ኩባንያው አትርፎ፣ ባንዱ ገና መዝገብ ላይ ባለዕዳ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይባስ ብሎ ባንዱ ዕዳውን ከፍሎ ቢጨርስም የተቀዳው ሙዚቃ ንብረትነቱ የኩባንያው ነው።

ታክሲ በሳምንት ኪራይ የነዳ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ሰኞ ጠዋት መሪ ስትጨብጥ ባለዕዳ ነህ። ረቡዕ፣ ሐሙስ ድረስ የምትነዳው ለባለቤቱ ነው። ነዳጁ ያንተ፣ ቅጣቱ ያንተ፣ መኪናው የሱ። አፑ ሲመጣ ደግሞ መኪናውም ያንተ ሆነ፣ ጥገናውም ያንተ፣ ዋጋውን ግን የሚቆርጠው ሌላ። ሚኒሶታ በሕግ ለአፕ ሾፌር ዝቅተኛ ክፍያ እስኪወሰን፣ በማይል 1 ዶላር ከ28 ሳንቲም፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም፣ እስከ 2024 መጨረሻ ጠብቀናል። ሙዚቀኞቹ ገና እየጠበቁ ነው። በአሜሪካ ሕግ ተራው ሬዲዮ አንድ ዘፈን ባጫወተ ቁጥር የሚከፍለው ለደራሲውና ለአሳታሚው ብቻ ነው። ለዘፈነው፣ ቤዙን ለመታው፣ ከበሮውን ለደለቀው አምስት ሳንቲም የለም። እኔ ይህን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ሬዲዮ!

በ2001 ሦስተኛው አልበም ወጣ፣ አልሄደም፣ ባንዱም ቆመ። ዳን ደራሲ ስለሆነ መንገዱ አልተዘጋበትም። ከዲክሲ ቺክስ ጋር የጻፈው ዘፈን በ2007 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ግራሚ ወሰደ። አዴል በ2011 ዓለምን ያስለቀሰችበትን «ሰምዋን ላይክ ዩ»ን አብሯት የጻፈው እሱ ነው። ሚስቶቻችን እያለቀሱ የሚሰሙት የሚኒሶታ ልጅ እጅ ያለበት ነው ማለት ነው። ጆን እዚሁ ከተማችን ቀርቶ በሌላ ባንድ ይጫወታል። ጄክ ጸሐፊ ሆነ።

ባንድ ሲቆም ሰው የት ይሄዳል የሚለውን ደግሞ እኛ ሐበሾች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ለሥራ መጥቶ ዋሽንግተን ቀረ። ስንት ዓመት ደለስ ኤርፖርት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ኮፈን ውስጥ ይዞ፣ ተራ እስኪደርሰው መኪናው ውስጥ ይጫወት ነበር። በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ የ1985 ካሴቱን እንደገና አወጣለትና የዓለም መድረክ ላይ ተመለሰ። እኔ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ጎረቤቴ ያለው ሾፌር ኮፈን ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም፤ እያየሁ ግን እገምታለሁ።

ወደ ዘፈኑ ልመለስ፤ ዋናው ነገር አልተነገረም። ስለ ባር መዝጊያ የመሰለን ሁላችንም ግማሹን ብቻ ነው የሰማነው። ዳን ዊልሰን ሲጽፈው ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጀምሮት መሃል ሲደርስ ስለ መወለድ እየጻፈ መሆኑ እንደገባው ራሱ በየቃለ ምልልሱ ተናግሯል። እስቲ አስቡት። ሞቅ ያለ ጨለማ ቦታ ተመችቶህ ተቀምጠሃል፤ መብራት ይበራል፤ ጊዜህ አብቅቷል ውጣ ትባላለህ። ባርም ማሕፀንም ያው ነው። ልጅቷ ደግሞ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ በጣም ቀድማ መጣች። ሆስፒታል ውስጥ ለብዙ ወራት ቆየች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ከኋላ የሚጮኸውን ሰካራም በሌላ ጆሮ ነው የምሰማው።

ከዚያ 2025 መጣ። መጋቢት ውስጥ ዋይት ሐውስ በማኅበራዊ ገጹ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። እጁ በካቴና የታሰረ፣ ከአገር ሊባረር የሚወሰድ ሰው ያሳያል፤ ከሥሩ የሚዘፈነው «ክሎዚንግ ታይም» ነው። ለጠጪው «እዚህ መቆየት አትችልም» የሚለውን ሐሳብ ወስደው ለስደተኛ አደረጉት። ባንዱ ዝም አላለም። በዚያው ቀን አልፈቀድንም፣ አንደግፈውም፣ የጠየቀንም የለም አለ፤ ዘፈኑ ስለ ደስታና ስለ ተስፋ ነው፣ ነገሩ ፈጽሞ አልገባቸውም ሲል ጻፈ። ሦስቱ ሰዎች ከ22 ዓመት በኋላ በ2023 አዲስ አልበም አውጥተው እንደገና መድረክ ላይ ናቸው፤ አፋቸውን ዘግተው ትኬታቸውን መሸጥ ይችሉ ነበር። አልፈለጉም። ገንዘቡ ሲከፋፈል ከኩባንያው፣ ከሬዲዮው፣ ከደላላው የተረፈችውን የወሰዱ ሰዎች ትርጉሙን ግን ለማንም አንሰጥም አሉ። እኔ ለዚህ ኮፍያዬን አንስቻለሁ፤ ከዚህ በላይ ፖለቲካ አታናግሩኝ፣ ኮሜንት ላይም አትሰዳደቡ።

ቪዲዮው የወጣ ሰሞን ኤርፖርት የታክሲ ማቆያው ውስጥ ነበርን። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር፣ ወረቀታቸው ገና በእንጥልጥል ያለ፣ ስልካቸውን ይዘው ወደኔ መስኮት መጡ።

«አንተ የሙዚቃ ነገር ታውቃለህ፤ ይሄን ዘፈን ስንት ሌሊት ስሰማው ኖሬያለሁ። እኛን ለማባረር ነው እንዴ የተሠራው?» አሉኝ።

«አይደለም ጋሼ፤ ልጅ ሊወለድለት ያለ አባት ነው የጻፈው» አልኳቸው። ቀድማ መወለዷን፣ ሆስፒታሉን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስልኩን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፣ ተራው ደርሷል፤ እሳቸው ግን ወደ መኪናቸው አልሄዱም።

«ልጅቷ ተረፈች?»

«ተርፋለች ጋሼ፤ አድጋለች።»

«ተመስገን» አሉና መኪናቸውን ሊያስነሱ ሄዱ።