«የተበላሸ» ብለን የሸጥነው ዮዮ

እኔና እህቴ ናይሮቢ ጊኮምባ ገበያ ሰልባጅ መግዛት ከጀመርን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነን። ባለፈው ሐምሌ ከአንድ የአሻንጉሊት ቦንዳ ውስጥ ከበድ ያለ የአሉሚኒየም ዮዮ ወጣ። እህቴ ክሩን ጣቷ ላይ አጥልቃ ወረወረችው። ታች ወርዶ ይሽከረከራል እንጂ አይመለስም። ደጋግመን ብንጎትተውም ያው ነው። ደብተራችን ላይ «የተበላሸ» ብለን ጻፍንና በመቶ ሺልንግ ለሽያጭ አቀረብነው።

ኢስሊ ወዳለው መደብራችን የመጣ አንድ ወጣት ሳይከራከር ከፈለ። ከዚያ እዚያው ፊታችን ፈትቶ ለሁለት ለየው። መሃሉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ አለ። ልጆች ጋሪ ከሚሠሩበት ጋር አንድ ነው፤ መጠኑ ብቻ በጣም ያንሳል። የሁለቱን ጎን ክፍተት አጥብቦ ገጠመውና ወረወረው። ረጅም ጊዜ ከተሽከረከረ በኋላ ትንሽ ሳብ ሲያደርገው ዘሎ እጁ ገባ። «ይሄ ኤስቢ-2 ይባላል፤ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል» አለን።

ያን ወር የመደብሩን ኪራይ የከፈልነው ተበድረን ስለነበር እንቅልፍ አልወሰደንም። ማታ ታሪኩን ፈልገን አነበብን።

ፊሊፒናዊው ስደተኛ ፔድሮ ፍሎሬስ እ.ኤ.አ. በ1928 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ውስጥ የዮዮ ሥራ ጀመረ። በእሱ ዮዮ ክሩ ዘንጉ ላይ አይታሰርም፤ ላላ ብሎ ይጠመጠማል። ስለዚህ ዮዮው ታች ደርሶ እዚያው መሽከርከር ይችላል። ነገር ግን ክርና ዘንግ ሲፋተጉ ፍጥነቱ ቶሎ ያልቃል። በ1984 የስዊድኑ ኩሽኔታ አምራች ኤስኬኤፍ ለጥቂት ጊዜ ባለ ኩሽኔታ ዮዮ ሠርቶ ነበር። በ1990 ደግሞ ቶም ኩን የተባለ የሳንፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ኤስቢ-2ን አወጣ። ሰውዬው ቀድሞም ተፈታትቶ የሚገጣጠም የእንጨት ዮዮ የሠራ ነው። በኤስቢ-2 ክሩ የሚያርፈው ኩሽኔታው ላይ ስለሆነ አካሉ ሲሽከረከር ክሩን ይዞት አይዞርም። ክፍተቱም ይስተካከላል፤ ሲሰፋ ክሩ ጎኖቹን ስለማይዝ ዮዮው በቀላሉ አይመለስም።

እኛ ብልሽት ያልነው ረጅም መሽከርከር ሐኪሙ የለፋበት ዋናው ነገር ነበር።

በሳምንቱ ወጣቱ ሲመጣ አምስት እጥፍ ከፍለን ልንመልሰው ጠየቅነው። ሳቀ። «እትዬ፣ አሁንማ ሲሠራ አያችሁት አይደል?» አለን። አልፈረድንበትም፤ ዝም ብሎ መሄድ ሲችል ያስተማረን እሱ ነው።

ደብተራችን ላይ አሁን አዲስ ዓምድ አለ፦ «ያልታወቀ»። አሠራሩ ያልገባንን ዕቃ እዚያ እንመዘግብና የሚያውቅ ሰው እስክንጠይቅ ሳንሸጥ እናቆየዋለን። «የተበላሸ» የምንለው ከዚያ በኋላ ነው።