ሁለት ሳምንት ያለ ጆንያ

ሞያሌ ላይ ለምንነግድ እህትማማቾች ስፖርት ማለት ጆንያ ማንሳትና ኬላ ለኬላ መመላለስ ነው። እናታችን በትራኮማ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የዓይን ቆቧን ቀዶ ሕክምና ልታደርግ ስትል የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ጆንያውን ማን ያነሳል?» ሆነ። ዓመት ሙሉ ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀለች የቆየችውም ገበያው እንዳይቀርባት ብላ ነው።

ፋሻው በማግሥቱ ተነሳ፤ ስፌቱ ግን ገና ነበር። ጎንበስ ብሎ ከባድ ዕቃ ማንሳት ደምን ወደ ፊት ይገፋል፤ ቆቡ ያብጣል፣ ሊደማም ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ሸክም ከለከላት፤ ቀስ ብሎ በእግር መሄድን ግን ፈቀደላት። ጠዋት ጠዋት አቧራው ሳይነሳ አብረናት ወጣን። ሸክሙን ለጋሪ ሰጠን፤ ትርፋችን ቀነሰ። እሷ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሒሳቡን ያዘች።

ስፌቱ ከወጣና ሐኪሙ ካያት በኋላ በትንሽ ዘንቢል ጀመረች፤ እብጠት ወይም ሕመም ካለ ለማቆም ተስማምተን።

ቤታችሁ ፀጉር የሚወጋው ሰው ካለ የሸክሙን ነገር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የሁለት ሳምንት ገበያ ይካካሳል፤ ፀጉር ቧጭሮ ያጠፋው ብሌን ግን በዚህ ቀዶ ሕክምና አይመለስም።