ለቦሪስ የሠራሁት ማበጠሪያ

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። የምኖረው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ዩትሬክት ከተማ ነው። ባለፈው አንድ ዓመት ግን ከሥራ ውጭ ያለኝን ጊዜ አብዛኛውን ያሳለፍኩት፣ አንድ ያረጀ ፈረስ ሳይቆጣ የሚበጠርበት ማበጠሪያ ለመሥራት ስሞክር ነው። ባለቤቴ ይህን ለሰው ስትናገር ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ታሪኩ ግን ሁሉም የሚያስቅ አይደለም።

ነገሩን የጀመረችው ልጄ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት «ፈረስ መጋለብ መማር እፈልጋለሁ» አለች። ከቤታችን በብስክሌት 20 ደቂቃ የሚርቅ አንድ የግልቢያ ትምህርት ቤት አለ። እዚያ ልጆቹ ከትምህርቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። ፈረሱን ከጋጣው አውጥተው ያስሩታል፣ ያበጥሩታል፣ ሰኮናው ውስጥ የገባውን ጭቃ ይጠርጋሉ፣ ከዚያ ኮርቻ ይጭናሉ። ሳያጸዱ መጋለብ የለም። ከኮርቻው ሥር ደረቅ ጭቃ ከቀረ የፈረሱን ጀርባ ይልጠዋልና።

በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኟ ወላጆችን ስታነጋግር «አንተ ከፈረስ ጋር ልምድ አለህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የለኝም» አልኳት። ዋሽቻት ነው።

ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው፤ ዛሬ ቢሾፍቱ ይባላል። አባቴ ባለጋሪ ነበር። ጋሪ አይታችሁ ለማታውቁ፦ አንድ ፈረስ የሚጎትተው፣ ሁለት ጎማ ያለው የሰው ማጓጓዣ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ በከተማችን እንደ ታክሲ ያገለግል ነበር። የአባቴ ፈረስ ዳማ ይባል ነበር። ዳማ የፈረስ መልክ ስም ነው፤ ቀይ ቡናማ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ዳማ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ግን አባቴን ከትምህርት ቤቱ በር ራቅ አድርጎ እንዲያወርደኝ ለመንኩት። ልጆቹ «ፈረስ ፈረስ ትሸታለህ» ይሉኝ ነበር። አባቴ ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዳቦ ቤቱ ጋ ያወርደኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ፣ ከተማውን ባጃጅ ሲሞላው፣ ዳማም ጋሪውም ተሸጡ። ከዚያ ገንዘብ ላይ ላፕቶፕ ተገዛልኝ። በኋላ ማስተርሴን ልማር ዴልፍት ስመጣ፣ አብረውኝ የሚማሩት ስለ ቤተሰቤ ሲጠይቁኝ «አባቴ ትራንስፖርት ዘርፍ ውስጥ ይሠራ ነበር» እላቸው ነበር። ውሸት አይደለም እኮ።

ወደ ቦሪስ ልመለስ። ቦሪስ 26 ዓመቱ ነው። ሃፍሊንገር የሚባል ዝርያ ነው፤ ሰውነቱ ቀይ ቡናማ፣ ጋማውና ጭራው ወደ ነጭ ያደላ። ጋማ የምንለው በፈረስ አንገት ላይ የሚወርደውን ረጅም ጸጉር ነው። ፈረሶች ብርድ ሲመጣ ወፍራም ጸጉር ያበቅላሉ፤ ብርዱ ሊያልፍ ሲል ደግሞ ያረግፉታል። ይህን በዋናነት የሚወስነው ሙቀቱ ሳይሆን የቀኑ ርዝመት ነው። ቦሪስ ግን እንደ ሌሎቹ አያረግፍም። በአንጎሉ ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ ታማለች፤ ባረጁ ፈረሶች ላይ የሚታይ በሽታ ነው። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ድብ መስሎ ይቆማል።

ታዲያ ቦሪስ ማበጠሪያ ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። በፈረስ ቋንቋ «ተወኝ» ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የልጄን ክንድ ነከሳት። ወፍራም ጃኬት ለብሳ ስለነበር አልቆሰለችም፤ ክንዷ ግን ለሳምንት ያህል ጠቁሮ ቆየ። አሰልጣኟ «ሌላ ፈረስ ልስጥሽ» አለቻት። እምቢ አለች። ወደ ቤት ስንመለስ «እማዬ ስታበጥረኝ እኔም መንከስ ያምረኛል» አለችኝ።

ጸጉራችሁ ከርዳዳ የሆነ ልጆች ይህ ይገባችኋል። እሑድ ማታ በቤታችን የለቅሶ ሰዓት ነው። ባለቤቴ ግን ዘዴ አላት። ከሥሩ አትጀምርም፤ ከጫፉ ጀምራ ወደ ላይ ትወጣለች። በአንድ እጇ ጸጉሩን ከሥሩ አጥብቃ ትይዘዋለች። ስለዚህ ሚዶው ሲጎትት ሕመሙ ራስ ቅል ላይ አይደርስም። ልጄ ይህንኑ በቦሪስ ጋማ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። ጋማው ሲበጠር ዝም ብሎ ይቆምላት ጀመር። ያስቸገረው የቀረው ሰውነቱ ነው። የጀርባና የጎን ጸጉር እንዲህ በእጅ ተይዞ አይበጠርም።

የፈረስ ማጽጃ ሳጥን ስትከፍቱ ብዙ ነገር ታገኛላችሁ። በክብ በክብ እየታሸ ጭቃና የረገፈ ጸጉር የሚያነሳ የላስቲክ ማበጠሪያ አለ። አቧራውን የሚያወጣ ጠንካራ ብሩሽ አለ። ለፊት የሚሆን ለስላሳ ብሩሽም አለ። አዲስ ልጆች የብረቱን ማበጠሪያ አንስተው ፈረሱ ላይ ሊሞክሩት ይፈልጋሉ፤ የእሱ ሥራ ግን ብሩሹን ማጽዳት ነው። በቦሪስ ረጅም ጸጉር ላይ ላስቲኩ ይንሸራተታል እንጂ ቆዳው ጋ አይደርስም። ጸጉር ለማርገፍ የሚሸጠው ጥርስ ያለው የብረት ምላጭ ይደርሳል፤ ነገር ግን ይጎትታል።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። መሐንዲስ ይህችን ቃል ቶሎ ይላታል። ቤት ውስጥ ስሪ-ዲ ፕሪንተር አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ የስልክ ማስቀመጫ ብቻ ነበር የሠራሁበት።

የመጀመሪያውን ፒ.ኤል.ኤ በሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ሠራሁት። ይህ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከበቆሎ ስታርች ነው። (በቆሎውን አትርሱት፤ ይመለሳል።) 48 ጥርስ ነበረው፤ በቀጥታ መስመር የተደረደረ። በራሴ ክንድ ላይ ሞከርኩት፤ ምንም አላለኝም። ቦሪስ ላይ ግን አምስት ጥርስ ተሰብሮ ጸጉሩ ውስጥ ቀረ። ለቅሜ እስካወጣ ድረስ እግሩን ያነሳብኝ ነበር። ፕሪንተሩ ዕቃን የሚሠራው ስስ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየደረበ ነው፤ ቆሞ የተሠራ ጥርስ የሚሰበረውም በሁለት ንጣፎች መካከል ነው። ንጣፎቹ በጥርሱ ጎን ላይ የሚተዉት መስመር ደግሞ እንደ ሞረድ ይፍቃል። የእኔ ክንድ አልተሰማውም። ፈረስ ግን ዝንብ እንኳ ስታርፍበት ያውቃል፤ ያቺን ቦታ ብቻ አንቀጥቅጦ ያባርራታል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ የሠራሁት ስህተት የሙያዬ ስህተት ነው። የሚለካ ነገር ፈለግኩ። የወጣውን ጸጉር በፌስታል ሰብስቤ በኩሽና ሚዛን መዘንኩት። ሁለተኛው ማበጠሪያ 11 ግራም አወጣ፤ ሦስተኛው 19። ደስ አለኝ። ባለቤቴ ዱቄት በምትመዝንበት ሚዛን ላይ የፈረስ ጸጉር ስታገኝ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። 19 ግራም ባወጣንበት ቀን ግን ቦሪስ የታሰረበትን ሲባጎ በጥሶ ሄደ። ለካ ያን ያህል ያወጣው እየነቀለ ነው።

ልጄ የራሷ መለኪያ ነበራት። ትንሽ ደብተር ይዛ «ጆሮ ወደ ፊት»፣ «ጆሮ ወደ ኋላ»፣ «ጭራ መታ» እያለች ምልክት ታደርጋለች። የእኔን ሠንጠረዥ ከእሷ ደብተር ጋር ሳስተያየው አፈርኩ። እኔ አሻሻልኩ ባልኩ ቁጥር በእሷ ደብተር ላይ ጆሮው ወደ ኋላ ሄዷል። በሥራዬ ተጠቃሚው ያልወደደውን ነገር ጽፎ ይልክልኛል። ይህኛው ተጠቃሚ በጆሮው ነበር የሚጽፈው፤ የምታነብለት ግን ልጄ እንጂ እኔ አልነበርኩም።

እሑድ እሑድ ከአባቴ ጋር በቪዲዮ እናወራለን። አንድ እሑድ ልጄ ማበጠሪያውን ወደ ስልኩ አስጠግታ አሳየችው።

«አባባ፣ ይሄ የፈረስ ነው። አባዬ ነው የሠራው።»

አባቴ መነጽሩን አድርጎ አየው። ከዚያ ሳቀ። «ማስተርስ የተማርከው ለዚህ ነው?» አለኝ። ወዲያው ግን ሳቁን ትቶ «ፈረሱ መልኩ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ልጄ ቡናማ ነው አለችው። «ዳማ በይዋ! ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት? ካለበት ቦራ ነው። ጥቁር ቢሆን ጉራች፣ ነጭ ቢሆን አምባላይ ትይዋለሽ።» ልጄ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች።

«አባባ፣ ፈረስ ታውቃለህ እንዴ?»

አባቴ እሷን ትቶ እኔን አየኝ። በስልክም ቢሆን ሰው ሲያያችሁ ይታወቃችኋል።

«አልነገርካትም?» አለኝ።

«ጠይቃኝ አታውቅም» አልኩ። መልስ አይደለም።

አልተቀየመኝም፤ ወይም አላሳየኝም። ስለ ዳማ 40 ደቂቃ ያህል ነገራት። እኔ ኩሽና ገብቼ ዕቃ አጠብኩ። አንድም ቃል አላመለጠኝም፤ የዳቦ ቤቱን ነገር ግን አላነሳውም።

ስመለስ ምክሩን ሰጠኝ። መጀመሪያ «ገብስ አብላው» አለኝ። ይህን አልተቀበልኩትም። የቦሪስ በሽታ ያለበት ፈረስ ስታርችና ስኳር ከበዛበት ሰኮናውን ክፉኛ ሊታመም ይችላል፤ ሐኪሙም ከልክሎታል። የቀረውን ግን ጻፍኩት፦ «እጅህን አርጥብና መጀመሪያ በእጅህ ዳብሰው። ማበጠሪያው ከእጅህ በኋላ ይምጣ። ከሆዱ አትጀምር፣ ከጫንቃው ጀምር። ሲወደው ከንፈሩን ያሾልልሃል። እኔ ዳማን የማሸው በቆረቆንዳ ነበር።»

ቆረቆንዳ ማለት በቆሎው ከተፈለፈለ በኋላ የሚቀረው መሐሉ ነው። ረስቼው ነበር። አባቴ ማታ ጋሪውን ይፈታል፤ ላቡ የደረቀበትን ዳማ በቆረቆንዳ ያሸዋል። ማሰሪያው የላጠው ቦታ ሲደርስ ቆረቆንዳውን ይጥልና በባዶ መዳፉ ብቻ ያልፈዋል። ያኔ አጠገቡ ቆሜ ፋኖስ የምይዝለት እኔ ነበርኩ።

ከገበያ አራት በቆሎ ገዛሁ። በላንና ቆረቆንዳዎቹን ማሞቂያው ላይ አደረቅናቸው። ቦሪስ ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል ጥሩ ሠሩ፤ ከዚያ እርጥበት ሲነካቸው ተፈረፈሩ። ያ አሥር ደቂቃ ግን በቂ ነበር። ቆረቆንዳ ጥርስ የለውም። ሻካራ ነው፤ ሲጫኑት ግን ትንሽ እሺ ይላል። ክብ ስለሆነም በአንድ ጊዜ የሚነካው ጠባብ መስመር ብቻ ነው።

አራተኛውን ማበጠሪያ ቲ.ፒ.ዩ በሚባል እንደ ጎማ በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ፣ ግማሽ ክብ አድርጌ ሠራሁት። ውስጡ ባዶ ነው፤ ሲጫኑት ይሰምጣል። ጥርሶቹን ለየብቻ በጎናቸው አስተኝቼ አትሜ በኋላ ተከልኳቸው፤ አሁን አይሰበሩም። ጫፋቸውን አደነደንኩት። እንደ ጡብ ግንብ አፈራረቅኳቸው፤ የመጀመሪያው ረድፍ ያመለጠውን ጸጉር ሁለተኛው እንዲያገኘው። በመጀመሪያዎቹ ላይ እጀታ ነበር፤ አሁን በእሱ ፋንታ መዳፍ የሚገባበት ማሰሪያ አደረግሁለት። ሰው እጀታ ሲይዝ ሳያስበው ይጫናል።

የረጠበው እጅ ነገር የገባኝ በታኅሣሥ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን ፕላስቲክ በጸጉር ላይ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ጠቅ የምትል ድምፅ ሰማሁ፤ ቦሪስ ዘለለ። ለካ እስከዚያ ቀን ማበጠሪያዬ ይቆነጥጠው ኖሯል። እጄን አርጥቤ ስቀድም ቀረ። አባቴ ይህን የሚያደርገው ለአቧራው ብሎ ነበር፤ ኤሌክትሪኩን አላሰበውም። የጫንቃው ነገር ደግሞ፣ ፈረሶች እርስ በርስ በጥርሳቸው የሚተካከኩት እዚያው ነው። እዚያ ቦታ ሲታከኩ የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ ተመራማሪዎች ለክተዋል።

በስድስተኛው ማበጠሪያ ቦሪስ ከንፈሩን አሾለ። ላይኛው ከንፈሩ እንደ ትንሽ ኩምቢ ተዘርግቶ ተንቀጠቀጠ። ልጄ ለዚህ በደብተሯ ምልክት አልነበራትም፤ አዲስ ሠራች። ሆዱን አሁንም አያስነካም። ማበጠሪያዬም ከብረቱ ምላጭ ያነሰ ጸጉር ነው የሚያወጣው፤ ሙቀት ሲመጣ ጸጉሩን በማሽን መሸለቱ አይቀርም። ለንግድ የሚሆን ነገር አልፈጠርኩም።

አሰልጣኟ ስሠራ ቆማ አየችኝና «ልምድ የለኝም አላልክም ነበር?» አለችኝ። «አባቴ ባለጋሪ ነበር» ልላት ፈለግኩ፤ ሆላንድኛው ጠፋኝ። ልጄ ቀደመችኝ፤ «አያቴ የፈረስ ታክሲ ነበረው» አለቻት፤ ከዚያ ስለ ዳማ አንድ በአንድ ነገረቻት።

አገር ቤት በሚሄድ ሰው ሁለት ማበጠሪያ ለአባቴ ላክሁለት። ፈረስ የለውም፤ በሰፈሩም ፈረስ ያለው አልቀረም። በሚቀጥለው እሑድ እንዴት ነው አልኩት።

«ጀርባዬን አከክሁበት፤ ደህና ነው» አለኝ። ትንሽ አሰበና «ጥርሱ ግን ረዝሟል» አለ።

ሰባተኛው አሁን ፕሪንተሩ ላይ ነው።