ዊንዶውስ 10 ሲቋረጥ፦ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ



በዚህ ዓመት ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «ዊንዶውስ 10 ቆሟል ይላሉ፤ ምን ላድርግ?» ጥያቄው ወደኔ የሚመጣው ደሴ ላይ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ስላለችን ነው። ቤት ውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ ሱቅ ውስጥ ደግሞ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አለን። ሁለቱንም አሻሽለናል፤ የሄድንበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያየሁትን ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለየብቻ ከምነግር እዚህ ልጻፈው ብያለሁ።

በመጀመሪያ «ቆሟል» የሚባለው ምን ማለት እንደሆነ እንግባባ። ዊንዶውስ 10 የወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኮምፒዩተሩ አልጠፋም፣ ፋይልም አልተሰረዘም። የቀረው በየወሩ ይመጣ የነበረው የደህንነት አፕዴት ነው። አዲስ ክፍተት ሲገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው።

«እኔ ኢንተርኔት ብዙ አልጠቀምም፣ ምን አገባኝ?» የሚል ብዙ ነው። የኛን ሱቅ ተመልከቱ። ከጠዋት እስከ ማታ ፍላሽ ይገባል፣ ፍላሽ ይወጣል። ተማሪው ከግቢ፣ ሠራተኛው ከቢሮ፣ ሌላው ከሌላ ጽሕፈት ቤት ይዞ ይመጣል። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያ ቫይረስ ኢንተርኔት አልፈለገም፤ በፍላሽ ነው የሚዞረው። ስለዚህ አፕዴት የኢንተርኔት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ቤት ውስጥ ነገሩን ከባድ ያደረገው የእህቴ ጽሑፍ ነበር። በአማርኛ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየጨረሰች ነው፤ 140 ገጽ የሚሆን የመመረቂያ ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ ነበር። ለዲፌንስ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «ከዲፌንሴ በፊት እንዳትነካው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ነው፤ እናታችንም ለምርቃቱ ቀን መቁጠር ጀምራለች። በዚያው ሳምንት ግን አማካሪዋ ያረመላትን በፍላሽ ይዛ ስትመጣ ፍላሹ ውስጥ ሁለት ቫይረስ ተገኘ። አንቲቫይረሱ ያዛቸው። እሷም ቁጭ ብላ አሰበችና «እሺ፣ ግን መጀመሪያ ጽሑፌ ሌላ ቦታ ይቀመጥ» አለች። ስምምነታችን ይኸው ነበር፤ ሁለት ቅጂ፣ አንዱ በውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ በራሷ ኢሜይል። ቅጂው መከፈቱን እሷ ራሷ በሌላ ኮምፒዩተር አይታ ካረጋገጠች በኋላ ነው ሥራ የጀመርነው።

ቀጥሎ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ይቀበል እንደሆነ ማየት ነበረብን። መስፈርቱ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ነው። ብዙ ኮምፒዩተር የሚወድቀው በራም ሳይሆን በፕሮሰሰሩ ዕድሜና በቲፒኤም ነው። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው ያልፋል። ትውልዱን ለማወቅ ስሙን አንብቡ፤ አይ5-8250 ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ትውልዱ ነው። አይ3-4130 ከሆነ 4ኛ ትውልድ ነው፣ አያልፍም። የኛ ላፕቶፕ 8ኛ ትውልድ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ «አይመጥንም» የሚል መልስ ነው የሰጠን። ምክንያቱ ቲፒኤሙ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጡ ነበር። በኢንቴል ኮምፒዩተሮች ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ይገኛል። ስናበራው አለፈ። «ኮምፒዩተርህ አይሆንም» ከተባላችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስፈትሹ።

የኢንተርኔቱ ነገር ደግሞ አለ። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። በሞባይል ጥቅል ይህን ማውረድ ገንዘብ መበተን ነው። ዋይፋይ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሌሊት አውርደን በፍላሽ አዘጋጀነው። አንዴ የወረደው ለብዙ ኮምፒዩተር ይሆናል፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ብትተባበሩ ወጪው ይቀላል።

የማሻሻያው ቀን ላፕቶፑን ቻርጅ ሞልተን፣ «ፋይሎቼና ፕሮግራሞቼ ይቆዩ» የሚለውን ምርጫ ይዘን ጀመርን። ይህ ፎርማት ከማድረግ የተለየ ነው፤ በላዩ ላይ ነው የሚተካው። እህቴ ከአጠገቡ አልተነሳችም። 61 በመቶ ላይ ቆሞ ሲቀር ፊቷ ተለዋወጠ። ዙህር ሰግደን ስንመለስ 80 አልፏል። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ በመሀል መብራት አንዴ ሄዶ መጣ፣ ባትሪው ግን ያዘን። ዴስክቶፕ ያላችሁ ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት።

ሲከፈት መጀመሪያ የታየን መልኩ ነው። ስታርት የሚለው ቁልፍ ከግራ ጥግ ወደ መሀል መጥቷል። ዓይን እስኪለምድ እጅ ወደ ጥግ ይሄዳል። ካልተመቻችሁ ወደ ግራ መመለስ ይቻላል። ቀኝ ክሊክ ስናደርግ የሚመጣው ዝርዝር አጥሯል፤ የለመድናቸው ትዕዛዞች «ተጨማሪ ምርጫ አሳይ» ከሚለው በታች ተደብቀዋል። እናታችን «ኮፒው የታለ?» ብላ ፈልጋለች። በአንጻሩ ፎልደሮችን እንደ ብራውዘር ገጽ በአንድ መስኮት ጎን ለጎን መክፈት ይቻላል። መስኮት የማተለቂያው ምልክት ላይ ማውዙን ሲያሳርፉ ስክሪኑን ለሁለት ለሦስት የሚከፍል ምርጫ ይመጣል። እህቴ በአንድ በኩል የአማካሪዋን እርማት፣ በሌላ በኩል ጽሑፏን አድርጋ መሥራት የጀመረችው በዚያው ምሽት ነው።

ሁለተኛው የአማርኛው ጉዳይ ነው፤ እሷን ያስፈራትም ይህ ነበር። ጽሑፏ በኒያላ ፊደል የተጻፈ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ከዋናው ጋር አብሮ የማይጫን፣ ተጨማሪ የሆነ ፊደል ነው፤ ዋናው ላይ የሚገኘው ኢብሪማ ነው። የኛው በላዩ ላይ ስለተተካ ኒያላ በቦታው ቆየን፤ የገጽ ቁጥሩም አልተነቃነቀም። ላፕቶፑን ፎርማት አስደርጎ አዲስ የጫነው የአጎቴ ልጅ ግን ኒያላ አልነበረውም። ፊደሉ ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለይ መስመሩ ይገፋል፣ ማውጫውና የገጽ ቁጥሩ ይፋለሳል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ የሚለውን ፈልጉ፣ ከዚያ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሩ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ጽሑፍ የምታስረክቡ ተማሪዎች ደግሞ ለሕትመት ወደኛ ዓይነት ሱቅ ስትመጡ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ብትመጡ ፊደሉ የትም አይሄድም።

ሦስተኛው የዳታ ጉዳይ ነው። አዲስ እንደተከፈተ መጀመሪያ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምንጠቀምበትን የዋይፋይ ወይም የሞባይል መስመር «ሚተርድ» ብለን መዘገብነው፤ ይህ ትልልቅ አፕዴቶች ሳይጠይቁ እንዳይወርዱ ይገታል። ሁለተኛ፣ ዋንድራይቭ ዴስክቶፕና ዶክመንት ፎልደሮችን ወደ ኢንተርኔት እንዳይጭን አጠፋነው። አገልግሎቱ በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ነፃው ግን 5 ጊጋባይት ብቻ ነው፣ በሞባይል ጥቅል ለሚኖር ሰውም ወጪ ነው። ከዋይፋይ ጋር ስትሆኑ ብቻ በእጃችሁ አብሩት።

ክብደቱንም ልንገራችሁ። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ምንም ሳይከፈት ከ3 ጊጋባይት በላይ ይይዛል። መስፈርቱ 4 ጊጋባይት ይበቃል ቢልም በ4 ምቾት አይጠበቅ። ካልወደዳችሁት ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ዊንዶውስ 10 መመለሻ ምርጫ አለ። ስለዚህ ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር ቦታ ያዘ ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን አትሰርዙት።

አሁን ወደ ሱቁ ዴስክቶፕ እንምጣ። እሱ 4ኛ ትውልድ ነው፣ አያልፍም። አንድ ባለሙያ አይቶት «ለብረት ሽጡት» ብሎናል። የቀረቡልን መንገዶች አራት ነበሩ። አዲስ መግዛት፤ ገንዘቡ የለም። መስፈርቱን በማታለያ ዘሎ ዊንዶውስ 11 መጫን፤ ይቻላል፣ ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ኮምፒዩተር አፕዴት ይመጣል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ዊንዶውስ 10 ላይ በተራዘመ የደህንነት ድጋፍ መቆየት፤ ይህ ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚያቆይ ሲሆን የማይክሮሶፍት አካውንት ይፈልጋል። አንድ ዓመት መግዛት ለሚፈልግ መልካም ነው። አራተኛው ሊነክስ ነው።

እኛ አራተኛውን ያዝን። ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ነው። ብዙ ዓይነት አለው፤ እኛ የመረጥነው ሊነክስ ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ ለደካማ ኮምፒዩተር ቀላል የሆነ ነው፤ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ከሁሉ የወደድኩለት ከመጫኑ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነስቶ መሞከር መቻሉ ነው። ዲስኩን ሳንነካ ሁለት ቀን ሞከርነው። ምንም ሳይከፈት የሚይዘው ራም ከ1 ጊጋባይት ብዙም አያልፍም። ይነሳ ዘንድ ሻይ አፍልተን የምንጠብቀው ኮምፒዩተር ነበር እኮ!

አማርኛ? አይበስና ኤም17ኤን የሚባሉትን ጭነን ሴራ የሚለውን የአማርኛ አጻጻፍ መረጥን። በላቲን ድምፁን ስትመቱ ፊደሉ ይመጣል። እጃችን ለመልመድ አንድ ሳምንት ወሰደበት። ለጽሑፍ ሊብሬኦፊስን እንጠቀማለን። የወርድ ፋይል ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ የበዛበት ፋይል ላይ ግን አቀማመጡ አንዳንዴ ይዛባል፣ ከማተም በፊት ማየት ያስፈልጋል። ስካነሩ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር፤ ተጨማሪ ሾፌር ከጫንን በኋላ ሠራ። ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች አሠራር የተጻፉ የደንበኞቻችን ፋይሎች አሉን። እነዚህ የገዛ ፊደላቸው ከሌለ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆነው ይታያሉ። ፊደሎቹን ከድሮው ዲስክ ቀድተን ስንጭን ተነበቡ።

አንድ ቀን ማመልከቻ የሚያስጽፉ አባት ቁጭ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛችሁ እንዴ?» አሉ። «አይ አባባ፣ ያው የድሮው ነው፤ ውስጡ ነው የተቀየረው» አልኳቸው። «ታዲያ እንዲህ መፍጠን የሚችል ከሆነ እስከዛሬ ምን ያንገላታን ነበር?» ብለው ሳቁ።

ሊነክስ ግን ለሁሉም አይሆንም። ሥራው በፒችትሪ፣ በአውቶካድ ወይም በፎቶሾፕ የሆነ ሰው ወደዚያ ቢሄድ ይቸገራል። ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት፣ ቪዲዮ፣ ትምህርት ለሆነለት ግን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልል አልለፍ። በከተሞቻችን ዊንዶው ጭኑልኝ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጫነው የተሰበረ ቅጂ ነው። ማስከፈቻ ተብሎ የሚሰጠው ፕሮግራም «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። በሩን ከፍቶ እንግዳ ማስገባት ማለት ይህ ነው። ትክክለኛ ዊንዶውስ 10 ላለው ወደ 11 መሻገሩ ክፍያ የለውም፤ የሰው ሐቅ ለሚያሳስበውና ፈቃድ መግዛት ለማይችለውም ነፃ የሆነው መንገድ ክፍት ነው።

እህቴ አልሐምዱሊላህ ዲፌንሷን በሰላም ጨርሳለች። ጽሑፏን ያተምነው ሱቃችን ውስጥ ነው፤ «ለብረት ሽጡት» በተባለው ዴስክቶፕ፣ ከላፕቶፑ ባወጣችው ፒዲኤፍ። የቀረን ሥራ የጎረቤት ልጆችን ሁለት ላፕቶፖች ማየት ነው፤ አንዱ 6ኛ ትውልድ ነው፣ ከፍላሽ ላይ እንሞክረዋለን ኢንሻአላህ። እናንተም ዛሬ የፕሮሰሰራችሁን ስም አንብቡ፣ ፋይላችሁን ሁለት ቦታ ቅዱ፤ ውሳኔው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።