ሙድና ንቀት

ሐሙስ ቀን ደቡብ ጎንደር፣ ሐሙሲት ገበያ ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው፣ ዋጋ ሰብሮ ለጠራበት ገዢ አንዱ ወጣት ነጋዴ «ኧረ ሙድ አትያዝብኝ!» ሲል ሳይሰማ አይመለስም። ቃሉ ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ስሜት ነበር፣ እኛ ዘንድ ፌዝ ሆነ። እኔን አያስከፋኝም። ሙድ የሚይዝብህ ሰው ቢያንስ አይቶሃል፤ ጫማህን፣ አነጋገርህን ልብ ብሎ ነው የሚስቅብህ። የናቀህ ግን ከነመኖርህም ይረሳሃል።

በደቡብ ጎንደር ንቀት የሚታወቀው በተነገረው ሳይሆን በቀረው ነው። ሽማግሌ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ይቀመጣሉ። አንዱ ጎረምሳ ስልኩ ላይ እንዳቀረቀረ ቢቀር ማንም አይቆጣውም፤ ማታ ግን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠያየቃሉ። ከዚህ ስድብ ይሻላል።

ከሐሙሲት ወረታ ደርሶ ወደ ምሥራቅ የታጠፈ ደብረ ታቦር ይገባል፤ የአፄ ቴዎድሮስ ከተማ። ንቀትን እንደሳቸው የቆጠረ ንጉሥ አላውቅም። ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያለ ዝቶባቸው ሲማረክ፣ ኮሶ አስጋቱት ይባላል። የናቁት ያስረግዛል ማለት ይህ ነው። ሚስዮናዊው ስተርንም የኮሶውን ወሬ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎ ኖሯል፤ በ1856 ዓ.ም. አገልጋዮቹ በንጉሡ ትእዛዝ ሲደበደቡ ደግሞ ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ። ለእሱ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል፤ ለሐበሻ ግን ጣት መንከስ «ቆይ ብቻ!» ማለት ነው። እሱም ተደበደበ።

ይህ ሁሉ ቢሆን ስድብና ዛቻ ነው፣ በዱላ ይመለሳል። ያላስቻላቸው ሌላ ነው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነት ጠይቀው ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሳይመልስለት አስቀመጠው። «ኖር» የሚል ጠፋ። ንጉሡ ጠበቁ፣ ጠበቁና የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንን በሰንሰለት አሰሩት። ሰው ማሰራቸውን አልደግፍም፤ ቁጣቸው ግን ይገባኛል። የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም መልሱን ይዞ ፊታቸው የቀረበው በጥር 1858 ነው፤ ያኔ ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የሚባለው መድፍ ተሠራ፣ መቅደላም ተጎተተ፤ የእንግሊዝ ጦር ሲመጣባቸው ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚያው ሽጉጣቸውን ጠጡ።

መልሱ በጊዜው ቢላክ ወጪው የአንድ መልእክተኛ ስንቅ ነበር። እስረኞቹን ለማስፈታት የተደረገው የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ ግን እንግሊዝን ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ አስወጥቷታል።