ዞር ብሎ ማየት

ይህን ስታነቡ እንዴት ተቀምጣችኋል? እስቲ ወገባችሁን ሳታንቀሳቅሱ ደረታችሁን ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ አዙሩ። አንዱ ጎን እምቢ ካላችሁ የእኔ ታሪክ ይመለከታችኋል።

ጭሮ ውስጥ ባጃጅ መንዳት የጀመርኩት 12ኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ መሪው ላይ ጎንበስ ብዬ እውላለሁ፤ ተራ ስጠብቅ ደግሞ ስልኬ ላይ አቀረቅራለሁ። እናቴ “አንተ ልጅ፣ ሳታረጅ ጎበጥክ” ስትለኝ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ወደ ኋላ ልመለስ ስል መስታወቱን ብቻ አይቼ ለቀቅኩ። ሰዎች “ልጅ! ልጅ!” ብለው ጮኹ። ፍሬን ይዤ ስወርድ አንዲት ሕፃን ከኋላ ጎማው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማለች። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ያን ቀን መንዳት አልቻልኩም። ዞሬ ማየት ነበረብኝ። መዞር ስለሚያመኝ ግን ከተውኩት ቆይቼ ነበር።

አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መረመረኝና እንዲህ ሲል አስረዳኝ፦ የጎድን አጥንቶች የተያያዙባቸው 12ቱ የላይኛው ጀርባ አጥንቶች ለመዞር የተመቹ ናቸው፤ 5ቱ የወገብ አጥንቶች ግን ብዙም አይዞሩም። ጎብጠን ስንቀመጥ የላይኛው ጀርባ መዞር ያቅተዋል፤ እጅን ወደ ላይ ማንሳትም ይከብዳል። ያን ጊዜ አንገትና ወገብ የሌላውን ሥራ ይሸከማሉ።

ሁለት እንቅስቃሴ ሰጠኝ። አንደኛው፦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ጉልበትን ወደ ፊት እንዳየ ትቶ በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ መዞር፤ በየጎኑ 10 ጊዜ፣ ትንፋሽ ሳይያዝ። ሁለተኛው፦ በጎን ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ፣ ሁለቱን እጆች ወደ ፊት ዘርግቶ፣ የላይኛውን እጅ እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ኋላ መክፈት፤ ዓይንም እጁን ይከተል።

መጀመሪያ ላይ ለውጡ አልታየኝም። ሳልተው ቀጠልኩ፤ ከሳምንታት በኋላ ያለ ሕመም መዞር ጀመርኩ። ግን አልሸነግላችሁም፤ መዞር ብቻውን ጀርባን አያቃናም። የጀርባን ጡንቻ ማጠንከርና አቀማመጥን ቶሎ ቶሎ መቀየርም ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጭሮ ወደ ሂርናም ሆነ ወደ ገለምሶ ስትጓዙ መኪናው ሲቆም ውረዱና ተንጠራሩ። ከአደጋ በኋላ የመጣ ሕመም ካለባችሁ፣ ወይም እጃችሁን የሚያደነዝዛችሁ ከሆነ ግን እንቅስቃሴውን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ይያችሁ።

በአማርኛችን ሰውን “ዞር ብሎ ማየት” ማሰብና መጠየቅ ማለትም ነው። ያቺን ሕፃን አሁንም ገበያው አጠገብ አያታለሁ። ወደ ኋላ ከመመለሴ በፊት ከነደረቴ ዞሬ እፈልጋታለሁ፤ እሷም እጇን ታውለበልብልኛለች።